የጎባው እግር

በሮቤ አንድ የኩንግፉ ልጅ ነበር እንበል። ማስተሩ ያስተማሩትን ፎርም ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢያዙት እንኳ አንድ እርምጃ ሳያዛንፍ ይወጣዋል። በባሌ የማለዳ ብርድ ግቢው ውስጥ ሲሠራ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል።

አንድ ቅዳሜ ከጎባ የቴኳንዶ ልጅ መጣና ስፓሪንግ ገጠሙ። የጎባው ልጅ ራቅ ብሎ ይነጥራል። ድንገት ጉልበቱን አነሣና እግሩን አዙሮ ጎኑን መታው። የሮቤው ልጅ አንድ እርምጃ ሸሽቶ ክንዱን ወደ ታች ጣለ፤ ክንዱ ሲደርስ እግሩ ተመልሷል። ደግሞ መታው። በሦስተኛው ልጁ ፎርሙን ረስቶ እንደ ሰፈር ጠበኛ እጁን ያወናጭፍ ጀመር።

«ማስተር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማሩኝ ለትርኢት ነው?» አላቸው ማታ።

«እግሩ ሲመጣ ወዴት ሄድክ?»

«ወደ ኋላ።»

«ፎርሙስ ወዴት ሂድ ይላል?»

ልጁ ተነሥቶ ሠራው። ወደ ፊት፣ ሰያፍ ገባ፤ አንዱ ክንድ ከታች አቅፎ አነሣ፣ የሌላው እጅ መዳፍ ደረት ገፋ። ስንት ጊዜ የሠራው ነገር ነው፤ የሚያቅፈው እግር ግን ኖሮት አያውቅም።

«ያንን ልጅ ለምነው፤ በየቅዳሜው ይምጣልን» አሉ ማስተሩ።

የጎባው ልጅ እሺ አለ። ገለባ የጠቀጠቁበት ጆንያ መሬት ላይ አንጥፈው፣ መጀመሪያ በቀስታ ያችን አንዲት ምት ብቻ ይሰነዝርለት ጀመር። ዘግይቶ ሲገባ ጎኑን ያገኘዋል፤ ቀድሞ ሲገባ ጉልበቱ ደረቱን። ልክ የምትሆነው ጉልበቱ ተነሥቶ እግሩ ሳይዘረጋ ያለችው ቅጽበት ናት። እሷን ሲለምድ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ከዚያም የጎባው ልጅ ያታልለው ገባ፣ ዝቅ ያለ መስሎ ወደ ራስ ይመታል። እንደገና ከዜሮ። ሲጀምሩ የስንዴው ማሳ ገና ቡቃያ ነበር፤ ኮምባይነር ሲገባበት የጎባው ልጅ ጆንያው ላይ በጀርባው ተዘረረ። ከዚያ ወዲህ እሱም መትቶ እግሩን አየር ላይ አያቆይም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። በቴኳንዶ ውድድር እግር መያዝ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ እግሬ ይያዛል ብሎ አይሰጋም። በቻይናው የፍልሚያ ስፖርት በሳንዳ ግን እግር ይዞ መጣል ነጥብ ያስገኛል። የሮቤው ልጅ መልሱን ይዞት ነበር፤ ያጣው ፎርሙን የማያውቅና የማያዝንለት ባላጋራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቼንግዱ ላይ የኤምኤምኤው (የድብልቅ ፍልሚያው) ተፋላሚ ሹ ሺያዎዶንግ የታይ ቺውን ዌይ ሌይ በሰከንዶች ውስጥ ሲዘርረው፣ የቻይና ጥንታዊ ጥበብ ከንቱ ነው ያለው ብዙ ነበር። እኔ አልስማማም። በቴኳንዶና በትግል አልፎ ሳንዳ የገባው ኩንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ፍራንክ ሻምሮክን አሸንፎ የኤምኤምኤ ውድድር የሆነውን የስትራይክፎርስን ቀበቶ የወሰደው በእግር ምት ነው፤ የሻምሮክ ክንድ የተሰበረው ያንኑ ምት ሲመክት ነበር። የቻይናው ጥበብ እዚያ ሠርቷል፤ በባዕድ እግርና በባዕድ ክንድ ተፈትኖ የመጣ ነውና።

ሮቤና ጎባ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኩንግፉ የሚሠራ ልጅ ከፎርሙ አንዲት እንቅስቃሴ መርጦ፣ ቴኳንዶ ወደሚሠራው ጓደኛው ሚኒባስ ይሳፈር፤ ውድድር ሳይሆን ልምምድ ብሎ፣ በቀስታ ጀምሮ፣ ሳምንትም ሊመለስ ተቀጣጥሮ።