የተመደበ ሥራ የማን ነው?

አሜሪካዊው ጆርጅ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ጊምፕስ የተባለ ፕሮጀክት፣ በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞችን ኮምፒውተሮች ለአንድ ፍለጋ አስተባብሯል። የሚፈለጉት በፈረንሳዊው መነኩሴ በመርሴን ስም የሚጠሩ ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈሉም።

የጊምፕስ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁጥር ይመድባል፤ ኮምፒውተሩ አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል። ጣጣው ማሽኖቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። አዲሱ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው ሥራ አሮጌውን ወራት ይፈጅበታል። አሮጌው ገና እኩሌታው ላይ ሳለ፣ ፈጣኑ ያልተመደበለትን ያንኑ ቁጥር ሠርቶ ቢያስገባስ?

ፈጣኑ መከራከሪያ አያጣም። ዓላማው ቁጥሩ እንዲመረመር ከሆነ፣ ማንም ቢመረምረው ምን ለውጥ አለው? ነገር ግን የዘገየው ሰው የራሱን መብራት እየከፈለ የሚሠራው ድርሻው እንደሚጠበቅለት አምኖ ነው። ከተነጠቀ የወራት ልፋቱ ብላሽ ይሆናል፤ ማሽኑንም አጥፍቶ ቢሄድ የሚወቅሰው የለም። ንጥቂያው እንግዲህ ፍትሕን ብቻ ሳይሆን ፍጥነትንም ይጎዳል።

ድርሻ ይጠበቅ ማለት ግን ለዘላለም ይያዝ ማለት አይደለም። ሥራ ወስዶ የሚጠፋም አለ። ስለዚህ ጊምፕስ የጊዜ ገደብ አበጅቷል፤ ገደቡ ሲያልፍ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል። ቀድመው ማለቅ ያለባቸው ቁጥሮች ደግሞ ፈጣንና አስተማማኝ መሆናቸው ለተመሰከረላቸው ማሽኖች ይመደባሉ። አድልዎ ይመስላል፤ አይደለም። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ለዘገምተኛውም የሚመጥነው ሥራ አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የድጋሚ ምርመራ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ስለሚሳሳት፣ ለዓመታት እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይሰላ ነበር። የመጀመሪያው መርማሪ የዝና ተስፋ አለው። በጎ ፈቃደኛው ሉክ ዱራንት በ17 አገሮች በተሰማሩ ማሽኖች እየታገዘ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ያገኘው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አሃዞች አሉት፤ ስሙም ከግኝቱ ጋር ተመዝግቧል። ሁለተኛው መርማሪ ዕድል የሚቀናው የፊተኛው ስሌት ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። ይህን እያወቁ ማሽናቸውን ለድጋሚ ሥራ የሰጡት ሰዎች ታላቅ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያለ እነርሱ «ይህኛው ብቸኛ አይደለም» የሚለውን ውጤት በሙሉ ልብ ማመን አይቻልም ነበር።

ይህን ሸክም በፍትሕ ማከፋፈል አስቸጋሪ ነበር፤ የተሻለው መላ ሸክሙን ማቅለል ሆነ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ መርማሪው ከውጤቱ ጋር ማረጋገጫ ማያያዝ ይችላል፤ እሱን ማጣራት ከሙሉው ስሌት 1 በመቶ እንኳ አይፈጅም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የተመረመሩት ግን ተራቸውን ጠብቀው እንደገና መሰላት አለባቸው፤ ለአሮጌ ማሽኖችም የሚመች ሥራ ይህ ነው።