የተንግስተኑ ጫፍ ሲበላሽ ብየዳውን አቁሙ

አሉሚኒየም በአርጎን የምትበይዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ልመናዬ አንድ ነው። የተንግስተኑ ጫፍ ሲያብጥ፣ ሲጠቁር ወይም አርኩ ወዲያና ወዲህ ሲንከራተት ስታዩ ያኔውኑ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሡ። ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሞ ሰዓቱን ቢያይም፣ ስፌቱ ሊያልቅ ሁለት ጣት ቢቀረውም አቁሙ።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ተንግስተን ግን እስከ 3400 ዲግሪ ገደማ ይችላል። በአግባቡ ከተያዘ ጫፉ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ በየደቂቃው ከተበላሸ አንድ ነገር አድርገነዋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ደግሞ እጅ ዝቅ ብሎ ጫፉ ቅላጩን መንካቱ ወይም መሙያው ዘንግ ጫፉን መንካቱ ነው። አሉሚኒየሙ ተንግስተኑ ላይ ይወጣል፣ አርኩ ይበታተናል፣ በስፌቱ ግራና ቀኝ ጥቁር ጥላሸት ይታያል። ይህን እያዩ መቀጠል በስፌቱ ውስጥ ቆሻሻና የተንግስተን ስባሪ መቅበር ነው። ከላይ የሚያምር ስፌት ከውስጥ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ራዲያተሩን አሠርቶ፣ ከፍሎና አመስግኖ የሄደው ሾፌር ውኃው ማፍሰሱን የሚያውቀው ጭኖ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ከሆነ፣ ጉዳቱ ቴስታታውንም ይጨምራል።

የቆሸሸውን ጫፍ አምፔር ጨምሮ ለማቃጠል አትሞክሩ። የቆሸሸውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉና እንደገና ሳሉት። በፒንሳ ጎንበስ አድርጎ መስበር ተንግስተኑን በቁመቱ ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ መጀመሪያ ዙሪያውን በድንጋዩ ፈር አውጡለት። ስትስሉትም ጭረቱ ወደ ጫፉ በቁመት ይሂድ፤ ዙሪያውን የተጫረ ጫፍ አርኩን ያወዛውዛል። ብረት የተሞረደበት ድንጋይ ቆሻሻውን ለተንግስተኑ ስለሚያወርሰው፣ ለተንግስተን ብቻ የሚሆን ድንጋይ ለዩ።

ጫፉ ምንም ሳይነካ እያበጠ ትልቅ ጠብታ የሚሠራ ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ማሽኑን እንወቅሳለን። ነገሩ ግን ከብየዳው በፊት ይጀምራል። አሉሚኒየም ላዩ ላይ ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ኦክሳይድ ይሸፍነዋል። በኤሲ የምንበይደው ለዚህ ነው፤ ተንግስተኑ ፖዘቲቭ በሚሆንበት ቅጽበት ኦክሳይዱ ይፈረካከሳል፣ ኔጋቲቭ በሚሆንበት ቅጽበት ሙቀቱ ወደ አሉሚኒየሙ ይገባል። ፖዘቲቭ በሆነ ቁጥር ግን ከባዱን ሙቀት የሚሸከመው ራሱ ተንግስተኑ ነው። ስለዚህ አሉሚኒየሙን በብሩሽ ሳናጸዳ ቀርተን የማሽኑን ባላንስ ወደ ማጽጃው በኩል ስንገፋው፣ በክንድ መሠራት የነበረበትን ሥራ ተንግስተኑ ላይ ጣልንበት። ዘይቱን አስቀድማችሁ አስለቅቁ፣ ከዚያ ለአሉሚኒየም ብቻ በተለየ የስቴንለስ ሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ባላንሱን ከ65 እስከ 75 በመቶ ኔጋቲቭ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ማሽን የሚቆጥረው የኔጋቲቩን ድርሻ ነው፣ ሌላው የማጽጃውን። በአንዱ ላይ 70 የተባለው በሌላው 30 ይሆናል። ቁጥሩን ከጎረቤት ጋራዥ ከመገልበጣችሁ በፊት የራሳችሁን ማሽን መመሪያ አንብቡ።

ውፍረቱንም እዩ። 1.6 ሚሊ ሜትር ተንግስተን ላይ 150 አምፔር መጫን ግፍ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ 2.4 ሚሊ ሜትር ያዙ። ማሽኑ ዲሲ ላይ ቀርቶ ቶርቹ ፖዘቲቩ ላይ ከተሰካ ደግሞ ጫፉ ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል።

ብየዳውን ስታቆሙ ጫፉ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ከተገኘ የጠፋው ጋዝ ነው። አርጎን ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለመቆጠብ ሲባል ብየዳው ካበቃ በኋላ የሚፈሰውን ጋዝ ማሳጠር ግን የጋለውን ጫፍ ለአየር አሳልፎ መስጠት ነው። የብየዳ ባለሙያው ራስል ሜሬዲዝ እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ኖርዝሮፕ በተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ውስጥ ለአውሮፕላን የሚሆን ማግኒዥየም ለመበየድ ተንግስተንን በሂሊየም ከልሎ ይህን የብየዳ ዘዴ ሲያበጅ፣ ድካሙ ሁሉ አየሩን ከጫፉና ከቅላጩ ለማራቅ ነበር። ለየ10 አምፔሩ 1 ሰከንድ ስጡት። በ150 አምፔር ስትሠሩ ከነበረ 15 ሰከንድ ያህል ቶርቹን ከቦታው ሳታነሡ ጠብቁ። ፍሰቱ በደቂቃ ከ7 እስከ 10 ሊትር ይበቃል፤ ከልክ ሲያልፍ ጋዙ ይናወጥና አየር ይስባል። ቱቦው ማፍሰስ አለማፍሰሱን፣ የቶርቹ የኋላ ክዳን ጎማ መድረቅ አለመድረቁን ፈትሹ። ለብረት የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ቅልቅል ጋዝ በስህተት ከተገጠመ ተንግስተኑ ወዲያው ይቃጠላል፤ ሲሊንደሩ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉን አንብቡ።

አሁን ስለ ሳንባችን። መጨረሻው ላይ ቀይ ቀለም ያለው ተንግስተን 2 በመቶ ያህል ቶሪየም አለበት። ቶሪየም ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው፣ ዋናው አደጋውም ሲሳል የሚነሣው ብናኝ መተንፈሱ ነው። ያንን ብናኝ ቀኑን ሙሉ የሚስበው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመሳል ሥራ የተሰጠው ረዳት ልጅ ነው። ሰማያዊው ላንታነም ያለው ተንግስተን ለአሉሚኒየምም ለብረትም በደንብ እየሠራ፣ ቀዩን ለአሉሚኒየም የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላም አለ፤ ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ ለዘይት ማስለቀቂያ በፍጹም አትጠቀሙ። ትነቱ የአርኩን ብርሃን ሲያገኝ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጠራል። አሴቶን ተጠቀሙ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ጠርሙሱንና ጨርቁን ከብልጭታ አርቁ።

የጋራዥ ባለቤቶች፣ ይህ ሁሉ የሚሳካው እናንተ ስትፈቅዱ ነው። ለተበላሸ ተንግስተን ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሠራተኛ የቆሸሸውን ጫፍ ደብቆ ይበይዳል፣ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ቅጣቱን ተዉት። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ብዙ ተንግስተን ተስሎ ይቀመጥ፤ አንዱ ሲበላሽ መቀየሩ የግማሽ ደቂቃ ጉዳይ ይሆናልና ማንም ለማቆም አይሰስትም።

በቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ መምህራንም የተበላሹትን ጫፎች አትጣሉ። ያበጠውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰነጠቀውን፣ አሉሚኒየም የለበሰውን በቆርቆሮ አጠራቅሙና አንድ በአንድ ለተማሪው እየሰጣችሁ «ይህን ምን አበላሸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳያመነታ መናገር ሲጀምር ቶርቹን አስይዙት።