ታይ ቺ፦ በሕልም የወረደ ወይስ በላብ የተገኘ?

በቻይና መናፈሻዎች ማለዳ ማለዳ አረጋውያን ውሃ ውስጥ የሚራመዱ ያህል ዝግ ብለው የሚሠሩት ታይ ቺ ላየው ሁሉ የጤና እንቅስቃሴ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የፍልሚያ ጥበብ ነው። ሕጉ ጉልበትን በጉልበት አለመመከት ነው፤ የሚገፋውን ሳይቋቋሙ ተከትሎ፣ ኃይሉን በክብ እንቅስቃሴ አቅጣጫ አስቶ፣ በገዛ ክብደቱ እንዲወድቅ ማድረግ። ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው ሲለማመዱ አንደኛው የሌላውን ሐሳብ ገና ከመነሻው በቆዳው ሊያውቅ ይጥራል። ቻይናውያን ይህን ችሎታ «ማዳመጥ» ይሉታል።

ይህን ረቂቅ ጥበብ ማን አመነጨው? በሰፊው የሚነገረው መልስ በዉዳንግ ተራራ የኖረ ዣንግ ሳንፌንግ የተባለ የዳኦ መናኝ ነው የሚል ነው። መናኙን ከፍልሚያ ጋር ያያያዘው ቀደምት ጽሑፍ ምሁሩ ሁዋንግ ዞንግሺ እ.ኤ.አ. በ1669 ለአንድ ሟች የጻፈው የመቃብር መታሰቢያ ነው። ጽሑፉ ዣንግ በሕልሙ ከአምላክ ተምሮ፣ ሲነጋ ከመቶ በላይ ሽፍቶችን ብቻውን እንደ ገደለ ይተርካል። ታይ ቺን ግን በስም እንኳ አያነሳም። ዝምድናው ኋላ የተበጀ ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ታንግ ሃኦ የተባለ ተመራማሪ በሄናን ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ቼንጂያጎው መንደር ወርዶ ሲመረምር የደረሰበት ሌላ ሰው ነው፦ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ወታደር ቼን ዋንግቲንግ። ጥበቡ ከቼን ቤተሰብ ወጥቶ ቤጂንግ የገባውም በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በያንግ ሉቻን አማካይነት ነው።

የአፈ ታሪኩ ጠበቆች ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሥራውን ለቀደመ ቅዱስ የሚሰጥ መምህር የራሱን ዝና ይተዋል፤ ይህ ትሕትና እንጂ ሐሰት አይደለም ይላሉ። ነገር ግን እዚህ የተተወው ክብር የማን ነው? የመምህሩ አይደለም፤ የቼን ነው። የራስን ድርሻ መተው ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ የሌላውን ድርሻ አንስቶ ለሦስተኛ ወገን መስጠት ግን፣ በአክብሮት ቢደረግም፣ ያው መንጠቅ ነው። ደግሞም የፊልም ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው «ኩንግ ፉ» መነሻ ፍቺው ድብድብ ሳይሆን በጊዜና በድካም የተገኘ ችሎታ ነው። በአንድ ሌሊት ሕልም የተገኘ ኩንግ ፉ ቃሉ ራሱ የማይቀበለው ነገር ነው።

ይሁንና ሁሉንም ለቼን ዋንግቲንግ መስጠትም ያዳግታል። የጦር አዛዡ ቺ ጂጉዋንግ በ16ኛው መቶ ዘመን በመጽሐፉ ካሰፈራቸው 32 የትግል አቋሞች 29ኙ በቼን ቤተሰብ ስልት ውስጥ ይገኛሉ። አዛዡም ቢሆን አቋሞቹን የመረጠው በዘመኑ በሕዝብ መካከል ከነበሩ ልዩ ልዩ የትግል ስልቶች ነው። ስለ እነርሱም የጻፈው ያለ ማጋነን ነበር፦ የባዶ እጅ ትግል ለታላቅ ጦርነት እምብዛም አይረባም፤ የወታደሩን እጅና እግር ግን ያፍታታል፣ ለጀማሪም መግቢያ ይሆነዋል።