እኛ በሌለንበት የሚሰገድ ሶላት



በ1964 የተጀመረው የጆርጂያ «ገቨርነርስ ኦነርስ ፕሮግራም» የተመረጡ ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሰመር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በነፃ እያሳደረ ያስተምራል። እዚህ ኢስት ፖይንት ልጁ እንዲህ ላለ ትምህርት የታጨለት ወላጅ ደስታው ሳያልቅ ይጨነቃል፦ ለሳምንታት ከእኛ ርቆ ሲያድር ሶላቱ እንዴት ይሆናል?

ጭንቀቱ ተገቢ ነው። በዚያ ወቅት ዒሻእ የሚገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ሱብሒ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ነው። ዶርም ውስጥ የምትቀሰቅስ እናት የለችም።

እኔ ግን አስቀድሜ ሌላ እጠይቃለሁ፦ ቤት ሳለስ የሚሰግደው ለማን ነው? እኛን ፈርቶ ከሆነ ጉድለቱ ከዶርሙ በፊትም ነበረ።

የወሎ አባቶቻችን ልጆቻቸውን ለዒልም ወደ ዳና፣ ወደ ጀማ ንጉሥ ይልኩ ነበር። «ያ ለዲን ነው፤ ይሄ ለዱንያ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ደረሳው የሚያድረው ከሰጋጆች ጋር ነበር። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ግን ከአባታቸው ርቀው በባዕድ ቤት አደጉ፤ በሩ በተዘጋ ጊዜም አላህን ፈሩ።

ስለዚህ ስለ ሐላል ምግብና ስለ ጁሙዓ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር አስቀድመን እንነጋገር፤ የመንገደኛን ሶላት ሑክም ኢማማችንን እንጠይቅ። ከዚያ በኋላ በየወቅቱ እየደወልን «ሰገድክ ወይ?» ማለቱን እንተው። ልጁ በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ሶላቱ ግን በእሱና በጌታው መካከል ነው።

አላህ ልጆቻችንን ባሉበት ይጠብቅልን። አሚን።