ጠያቂ የሌለው ሐቅ

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ እዝነትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይኹን።

ምእመናን ሆይ! ሰው በሞተ ጊዜ ገንዘቡ የማን ይኾናል? ብዙዎች ሳያስቡ «የወራሾቹ» ይላሉ። ሸሪዓው ግን እንዲህ ቸኩሎ አይመልስም። አስቀድሞ ሟቹ በአግባቡ ተከፍኖ ይቀበራል፤ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል፤ ከዚያም ከቀሪው ገንዘብ ከሲሶ ሳያልፍ ኑዛዜው ይፈጸማል። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ኹሉ የተረፈውን ነው። እንግዲህ ይህ እስኪፈጸም ድረስ በቤት ያለው ንብረት፣ በሱቅ ያለው ሸቀጥ፣ በደንበኛ እጅ ያለው ዱቤ ኹሉ አማና ነው።

እዚህ ላይ ሊቃውንት የመረመሩት አንድ ጥያቄ አለ። ነቢዩ ዕዳ ከኑዛዜ በፊት እንዲከፈል መፍረዳቸውን ዐሊይ ብኑ አቢ ጣሊብ አስተላልፈዋል። ታዲያ ቁርኣን በአል-ኒሳእ ምዕራፍ በ11ኛውና በ12ኛው አንቀጽ ውርስን ሲደነግግ፣ በአነጋገር ኑዛዜን አስቀድሞ ዕዳን ያስከተለው ስለ ምንድን ነው? የተፍሲር ሊቃውንት ሲመልሱ፦ አበዳሪ አንደበት አለው፤ ከደጅ ቆሞ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ከዳኛም ዘንድ ይከሳል። በኑዛዜ የሚሰጠው ግን ያለ ምትክ የሚወጣ በመኾኑ በወራሾች ልብ ይከብዳል፤ ተቀባዩም ብዙ ጊዜ ድኻ ነው፤ ምናልባትም የተናዘዙለት መኾኑን አያውቅም። ስለዚህ ቸል እንዳይባል በአነጋገር ቀደመ ይላሉ። ከዚህ የምንማረው፣ የሐቅ ጠያቂው በደከመ መጠን የሐቁ ጥበቃ ሊበረታ የሚገባው መኾኑን ነው።

በ36ኛው ዓመተ ሂጅራ የተገደሉትን የነቢዩን ባልደረባ የአዝ-ዙበይር ብኑ አልዐዋምን ነገር ተመልከቱ። ሰዎች ገንዘብ አደራ ሊያስቀምጡ ሲመጡ፣ እርሳቸው በብድር ስም ካልኾነ አይቀበሉም ነበር። አደራ ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጠፋ አይከፈልም፤ ብድር ግን ይከፈላልና። በሞቱ ጊዜ ዕዳቸው 2,200,000 ደርሶ ተገኘ፤ የተዉትም መሬትና ቤት እንጂ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ልጃቸው ዐብደላህ መሬቱን ሸጠው የታወቀውን ዕዳ ኹሉ ከፈሉ። ወንድሞቻቸው «አኹን አካፍለን» ባሉ ጊዜ ግን እንቢ አሉ፤ በአራት የሐጅ ወራት ከአባታቸው ላይ ገንዘብ ያለው ሰው እንዲመጣ ካሳወጁ በኋላ አካፈሉ። ኑዛዜው ወጥቶ እንኳ ከአራቱ ሚስቶች ለእያንዳንዷ 1,200,000 ደረሳት።

አንድ ሰው «ውርስን ማዘግየትስ በደል አይደለምን?» ቢል፣ ብዙ ጊዜ በእርግጥ በደል ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው «በመዘግየቱ የሚጠቀመው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ዐብደላህ የቆዩት ያልተሰማ ሰው እንዲሰማ ነው፤ ራሳቸውም ወራሽ ነበሩና የራሳቸው ድርሻ አብሮ ቆየ። በዘመናችን ግን ታላቅ ወንድም ሱቁን ይዞ «የአባታችን ስም አይበተን» እያለ ዓመታትን ሲያሳልፍ፣ ትርፉ ለርሱ፣ ትዕግሥቱ ለእኅቶቹ ይኾናል። በዒድ ቀን ለእኅቱ ልብስ ገዝቶ «ቸር ወንድም» ይባላል፤ የሰጣት ግን ከገዛ ገንዘቧ ጥቂቱን ነው።

መበለቲቱንም አስቡ። ያልተከፈላት መህር በሟቹ ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ከስምንተኛ ወይም ከአራተኛ ድርሻዋ ጋር የሚቀላቀል አይደለም። እርሷ ግን 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳዋን ስትቆጥር ስለ ገንዘብ መናገርን ታፍራለች። እፍረቷን እንደ ምርቃት ቈጥሮ ዝም የሚል ወራሽ ሐቋን በልቷል። የየቲም ዝምታም እንዲሁ ፈቃድ አይደለም።

ነጋዴዎች ሆይ! ይህ ሸክም በልጆቻችሁ ላይ እንዳይወድቅ በሕይወት ሳላችሁ ጻፉ። ነቢዩ የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሌሊቶችን እንዳያሳልፍ አሳስበዋል። በመዝገባችሁ ከኹሉ አስቀድማችሁ የምታሰፍሩት ምስክር የሌለውን ዕዳ፣ ከእናንተና ከአላህ በቀር ማንም የማያውቀውን አደራ ይኹን። ምስክር ያለው ራሱ ይናገራልና።

አላህ የሰውን ሐቅ ሳይጠየቁ ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን።