ከአሠሪው ለተለየ ክርስቲያን የተጻፈ ምክር

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ አገልጋይ ሊታዘዝ፥ አሠሪም ሊራራ እንደሚገባው ብዙ ጊዜ ሰምተሃል። ነገር ግን ሥራውን ከለቀቅህ በኋላ፥ ማዘዝና መታዘዝ ከቀረ በኋላ፥ በሁለታችሁ መካከል ስለሚቀረው ነገር የሚነግርህ ሰው ጥቂት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፥ የተከለከለ ምስክር ወረቀት፥ በገበያ የሚወራ ክፉ ስም፥ በልብም የተቀመጠ ቂም ይቀራልና። ስለዚህ ነገር ጥቂት ልጽፍልህ እወዳለሁ፤ አስቀድሜም የራሴን በደል እናገራለሁ።

ወንጌልን ለመስበክ ከመለየቴ በፊት፥ በጉለሌ በአዲሱ ገበያ በአንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርሁ። ከጎጃም በሱሉልታ መንገድ የሚወርደው ጤፍ ሲራገፍ ኩንታሉን እየቈጠርሁ በመዝገብ እጽፍ ነበር። አሠሪዬ ቍጡ ሰው ነበረ። በሠራተኞች ፊት ይሰድበኝ፥ የጐደለውንም ሁሉ በእኔ ያሳብብ ነበር። ሦስት ዓመት ከታገሥሁ በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. ሕጉ እንደሚያዝዘው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቼ ለቀቅሁ። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ግን የመጨረሻውን ወር ደመወዜን ከለከለኝ፤ የሥራ ምስክር ወረቀትም አልሰጥህም አለኝ።

እኔም የመጋዘኑን ቍልፍና የዱቤውን መዝገብ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። «የእኔን እስኪሰጠኝ ድረስ የእርሱን እይዛለሁ» አልሁ። ይህም አልበቃኝም። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ በገባሁበት ሻይ ቤት ሁሉ ስሙን በክፉ አነሣሁ። ሚዛኑ ሐሰተኛ ነው ብዬም አወራሁ። ሚዛኑ ግን እውነተኛ እንደ ነበረ አውቅ ነበር፤ በየማለዳው የምፈትነው እኔ ነበርሁና። እንዲህም ሳደርግ በእሑድ ቀን በጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ ይቅርታ እጸልይ ነበር።

በዚያ ወራት ከጉባኤያችን አንድ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ ወደ ቤቴ መጡ። የተደረገብኝን ግፍ ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። እርሳቸውም እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያም ወደ ግድግዳው አመለከቱና «ልጄ፥ ያ የተሰቀለው ቍልፍ የማን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ሲወጡም «የያዕቆብንና የላባን ነገር ደግመህ አንብብ» አሉኝ።

አነበብሁትም። አንባቢ ሆይ፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከላባ የከፋ አሠሪ ታገኛለህን? ያዕቆብ በቀን ሐሩር፥ በሌሊት ቍር እየበላው ሃያ ዓመት አገለገለው፤ ላባ ግን ደመወዙን ዐሥር ጊዜ ለወጠበት። በመጨረሻም ያዕቆብ ሳይሰናበት ተነሥቶ ሄደ፤ ላባም ሰባት ቀን ተከትሎ ደረሰበት። ያዕቆብ በድፍረት ዕቃዬን ሁሉ ፈትሽ አለው፤ ንጹሕ እንደ ሆነ ያምን ነበርና። ነገር ግን እርሱ ሳያውቅ ራሔል የአባቷን ጣዖታት ሰርቃ በግመል ኮርቻ ሥር ሸሽጋቸው ነበር። እግዚአብሔርም ላባ ያዕቆብን እንዳይጐዳው በሕልም ባይገሥጸው ኖሮ፥ የሃያ ዓመት እውነተኛ ክስ በአንድ የተሸሸገ ዕቃ ምክንያት በጠፋ ነበር። ራሔልስ ያዕቆብ ሳያውቅ ነበር የሸሸገችው፤ እኔ ግን የሸሸግሁትን አውቅ ነበር።

የአገራችንን ሕግ ብጠይቅም ይህንኑ ነገር አገኘሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፥ ሠራተኛ ከሥራ ሲለይ የሚገባው ገንዘብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈለው ያዝዛል። ነገር ግን ሠራተኛው የአሠሪውን ንብረት ሳይመልስ በራሱ ጥፋት ያዘገየ እንደ ሆነ፥ የመክፈያው ጊዜ ሊራዘም እንደሚችል ይናገራል። ተመልከት! ቍልፉን የያዝሁት ደመወዜን ለማስከፈል ነበረ፤ እርሱ ግን ላለመክፈል ምክንያት ሆነለት። እንዲሁ ነው፤ በቀል ፍርዳችንን ያበላሽብናል።

እንግዲህ በማግሥቱ ከሽማግሌው ጋራ ሄጄ ቍልፉንና መዝገቡን በምስክር ፊት መለስሁ። ስለ ሚዛኑም የዋሸሁትን ነገርሁት። እርሱም «ሌባ» ብሎ ሰደበኝ፤ ያን ቀንም እውነቱን ነበር። ከዚያም ወደየሻይ ቤቱ ተመልሼ ሐሰት መናገሬን ተናዘዝሁ። ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነበር፤ አንዳንዶች ሳቁብኝና፥ አንዳንዶችም ገንዘብ ተቀብለህ ነው አሉኝ።

ነገር ግን ይህን ብቻ ሰምተህ፥ ክርስቲያን ደመወዙን ትቶ ይሂድ ማለቴ አይምሰልህ። ደመወዝህ የልጆችህ እንጀራ ነው፤ የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረትም ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ ኀጢአት ነው። አሠሪህ በዚህ ኀጢአት እንዲቀመጥ ብትተወው አልወደድኸውም፤ ከአንተ በኋላ በወንበርህ የሚቀመጠውንም ወንድምህን አሳልፈህ ሰጠኸው። ስለዚህ እጄን ካነጻሁ በኋላ በሕግ ጠየቅሁት። ሕጉም በከንቱ ለሚያዘገይ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊፈርድበት ይችላል፤ በሚከራከሩበትም ገንዘብ ክርክር የሌለበትን ክፍል አስቀድሞ እንዲከፍል ያዝዛል። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት አይከፍልም። ነገር ግን እስከ 6 ወር ድረስ ካልከሰሰ መብቱ ይቀርበታል፤ ስለዚህ መታገሥን ከመዘግየት ለይ። ይህ አዋጅ በሰው ቤት የሚያገለግሉትን አይጨምርም፤ የእነርሱ ነገር በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። እነርሱም ቢሆኑ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ዋጋቸውን ቢጠይቁ ነውር የለበትም።

አሠሪዬም ክሱ ከመሰማቱ በፊት ደመወዜን ከፈለኝ። ምስክር ወረቀቱንም ከሁለት ወር በኋላ፥ የሥራዬን ዐይነት፥ ዘመኑንና ደመወዜን ብቻ ጽፎ ሰጠኝ፤ አንድ መልካም ቃል አልጨመረበትም። ሕጉም ምስጋና እንዲጽፍ አያስገድደውም። ዛሬም በገበያ ስንገናኝ አንዳንድ ቀን ሰላምታዬን ይቀበላል፥ አንዳንድ ቀንም ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን መንገድ ለውጬ አላልፍም፤ የምሸሽገው የለኝምና።

የያዕቆብና የላባ ነገር በምን እንደ ተፈጸመ አስተውል። ያዕቆብ ወደ ላባ ቤት ተመልሶ አልገባም፤ ላባም ደግ ሰው ሆነ ተብሎ አልተጻፈም። ነገር ግን ድንጋይ ከመሩ፥ በክምሩም አጠገብ አብረው በሉ፤ ይህን ድንጋይ አልፌ ልጐዳህ አልመጣም፥ አንተም አትመጣብኝም ብለው ተማማሉ። በማግሥቱም እያንዳንዱ መንገዱን ሄደ። እንግዲህ ይቅር ማለት ሁልጊዜ ተመልሶ መግባት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ይቅርታ ማለት ድንበር ተክሎ፥ ድንበሩንም በክፋት አለማለፍ ነው።

ስለዚህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ክስህን ከመጻፍህ በፊት ቤትህን ፈትሽ፤ የእርሱ የሆነ ነገር ቢገኝ በምስክር ፊት መልስ። የሚገባህንም በቀኑ፥ በጽሑፍና በሕግ ጠይቅ፤ የሚያስፈራህ ሰው ከሆነ ብቻህን አትሂድ። አዲሱ አሠሪህ ስለ ቀድሞው ቢጠይቅህ እውነቱን በአጭር ቃል ተናገር፥ ከዚያም ዝም በል። ነገሩ ካለቀ በኋላም በየማዕድህ አታንሣው፤ ከቤቱ ወጥተህ ሳለ እርሱን በልብህ ይዘህ ብትዞር ገና አልለቀቅህምና።

አንተም አሠሪ የሆንህ አንባቢ፥ የተለየህን ሰው ደመወዝ ሳይውል ሳያድር ክፈል። በሰማይ የሚቈጣጠርህ ጌታ አለህና።

የእውነትና የሰላም አምላክ እጃችንን ከሰው ገንዘብ፥ አፋችንን ከሐሰት፥ ልባችንንም ከቂም ያንጻልን። አሜን።