ጠዋቱን ማን ወሰደባቸው?

ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ባቱ ከተማ አጠገብ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ የውኃ ሞተር ሽንኩርት ያለሙ ነበር። ሞተሩን በጋራ ገዙት፤ ናፍጣውን በየተራ ይሞላሉ። አንድ በጋ ሞተሩ ተቃጠለ። አንዱ “ዘይቱን ሳታይ አስነሥተህ ነው” አለ፤ ሌላው “ሌሊቱን ሙሉ ያሠራኸው አንተ ነህ” አለ። በዚሁ ተኳረፉ። የአንዱ ወንድ ልጅና የሌላው ሴት ልጅ ግን ቦይ ለቦይ ሲተያዩ ያደጉ ናቸውና ኩርፊያው ለእነሱ አልደረሰም።

ልጁ በወጉ ሽማግሌ ላከ። የልጅቷ አባት “ሽንኩርቱ ይነሣና እንነጋገራለን” አለ። ሽንኩርቱ ተነሣ። “ፍልሰታ ትፈታ” አለ። ተፈታች። “ክረምቱ ይውጣ” አለ። በመስከረም ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ደግሞ “የሞተሩ ጉዳይ ሳያልቅ ስለ ልጅ አላወራም” ብሎ ቡና እንኳ ሳያጠጣ ሸኛቸው። ጥር ላይ ሽንኩርቱን በአይሱዙ ወደ አዳማ የሚጭንለት ሰው ልጅቷን ጠየቀ። ለእሱ መልሱ በአንድ ምሽት ተሰጠ።

ሰርጉ ለእሑድ ተቆረጠ። ማክሰኞ ማታ አባትየው ልጆቹ ተገናኝተው መታየታቸውን ሰማና አዳማ ደውሎ ቀኑን ወደ ሐሙስ አመጣው። ረቡዕ ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ለወጥ ሽንኩርት በሚከትፉ ሴቶች ተሞላ። ሙሽራዋም ቢላ ይዛ መሃላቸው ተቀመጠች። ታለቅሳለች። ሁሉም ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ስለሆነ “ምን ሆንሽ?” ያላት ግን አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን ልታጠብ ብላ እንደወጣች ቀረች።

የልጁ አክስት የምትኖረው ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ነው። ሁለቱ ወደ እሷ ለመሻገር ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ዳር ላይ ታንኳቸውን የሚያስሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ አገኙ። “ልጄ፣ ንፋሱ ተነሥቷል። እደሩና ንጋት ላይ ተሻገሩ” አሉት።

“አባባ፣ ሲነጋ እኮ ሰርጓ ነው” አለ ልጁ፣ የአባቱን ታንኳ እየገፋ።

ዝዋይ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ንፋስ ሲመታው ግን ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል። ታንኳው ሐሙስ ተገኘ፣ እነሱ ዓርብ።

ለሰርጉ የተተከለው ድንኳን ለለቅሶ ዋለ። ለቀስተኛው “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህስ ለመልቀምም አልታደሉ” ተባባለ። ያኔ አዛውንቱ ዓሣ አጥማጅ ተነሡ። “ንፋሱን እነሱም ያውቁታል። ጠዋት ግን ሐይቁ ተኝቶ ነበር። ጠዋቱን ማን ወሰደባቸው?” አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ “እረ ለቅሶ ቤት ነው!” ብሎ አስቀመጣቸው።

ምሳሌው ይኸው ነው። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ያመጡትን የሼክስፒርን ሮሚዮና ጁልየት ያነበበ ብዙ ሰው የሚፈርደው እንደ ለቀስተኛው ነው፤ እሑድ ማታ ተያይተው ሰኞ የተጋቡ ልጆች ሌላ ምን ይጠብቃቸዋል? ችኩሎች ናቸው፣ አይካድም። ነገር ግን በዚያ ቴአትር ውስጥ የሰርግ ቀን የሚያሳጥረው አባት ነው። 14 ዓመት ያልሞላትን ልጁን ለሐሙስ ሊድር ቆርጦ ሳለ ቀኑን ወደ ረቡዕ ያመጣዋል። የጁልየት ሞት የውሸት መሆኑን ለሮሚዮ የሚነግረውን ደብዳቤ የያዘው መነኩሴ ወረርሽኝ ገብቶበታል በተባለ ቤት ተዘግቶበት ይቀራል። አባት ያሳጠራት ያቺ አንድ ቀን ብትኖር ኖሮ ሁለተኛ መልእክተኛ ለመላክ ጊዜ ይገኝ ነበር።

ትዕግሥት ያድናቸው ነበር የሚል ካለ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ይመልከት። ሰብለ ወንጌል ችኩል አይደለችም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት ባል ጠፋ እያሉ የማግቢያ ዕድሜዋን አሳለፉባት፤ የምትወደውን በዛብህን መንገድ ላይ ያገኘችው ሊሞት ሲያጣጥር ነው። አባት የከለከላት እሷ ቸኩላ አይደለም።

ዝዋይ ባለበት በስምጥ ሸለቆው፣ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ፣ አሴና የሚባል የጋብቻ ወግ አለ። ልጅቷ ራሷ የመረጠችው ሰው ቤት ትገባለች፤ ከገባች መመለሷ ነውር ስለሆነ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ነገሩን ለማብረድ ይቀመጣሉ። እኔን የሚገርመኝ የወጉ ብልሃት ነው። ልጅ እንደሚቸኩል አስቀድሞ አውቆ ለችኮላው በር ሠርቶለታል። የምሳሌዋ ልጅ በዚህ በር ያልገባችው የልጁ አባት ለተቃጠለው ሞተር ካሣ እየጠበቀ ስለነበር ነው። “የእሱን ልጅ ቤቴ አላስገባም” ብሎ ምሏል። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ አባት ብቻ አይደለም።

ልጁን ግን በነጻ አልለቀውም። መቅዘፊያው በእጁ ነበር፣ ንፋሱንም ያውቃል። ሰርጓ ሲነጋ ነው ማለቱ እውነት ቢሆንም፣ ሌሊቱን አዛውንቱ ቤት ደብቀውን እንደር ብሎ መለመን፣ ጎህ ሳይቀድ ጸጥ ባለው ውኃ መሻገር ይችል ነበር። ይህን ሳይጠይቅ ታንኳውን ገፋ። የእሱ ጥፋት የአንድ ከሰዓት በኋላ ጥፋት ነው፤ የአባቶቹ ግን ከሽንኩርቱ መነሣት እስከ ጥር ድረስ ይቆጠራል።